የሺሐረግ ይቅር አላለችም

የሺሐረግ ማረፏን የሰማሁት ደባርቅ መናኸሪያ ቆሜ ነው። ከዳባት ሰው ጭኖ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣ «ዳኘው፣ ያች የገመዷ ሴትዮ አረፈች እኮ» አለኝ። ስሟን አያውቀውም። ዳባት ላይ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነበር የሚጠራት፤ የገመዷ ሴትዮ። መታመሟን አውቃለሁ፤ ከጥቂት ቀን በፊት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። ቢሆንም ወሬው ሲደርሰኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐዘን አልነበረም። ንዴት ነበር። ፈንታሁን በዚህ ሰዓት የት ይሆን ብዬ አሰብሁ። ከመናኸሪያው በላይ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጦ ይሆናል። እሷ ሞታ እሱ ስኳር ያማስላል። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹ የእልህ ነበር።

እትዬ የሺ ነበር የምላት። ደባርቅ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቅር፣ ለዓመታት አብረን ሠርተናል። እሷ የኔትወርክ ባለሙያ፣ እኔ ረዳቷ። ቀጭንና ረዥም ነበረች፤ ጉንጯን የበየዳ ብርድ ገና በልጅነቷ አጥቁሮታል። በክረምት ጋቢዋን ሳታወልቅ ኮርኒስ ውስጥ ገብታ ገመድ ትስባለች። ገመድ ስትይዝ አውራ ጣቷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታሳልፍበታለች፤ የተጎዳ ቦታ ካለ ጣቷ ይነግራታል። ገመዶቹን የምትለየውም በጥለት ክር ነበር። የሒሳብ ክፍል ቀይ፣ የመዝገብ ቤት አረንጓዴ፣ የአዳራሹ ቢጫ። «ወረቀት ቢለጥፉት ይላጣል፤ ክር ግን እስኪቆርጡት ይኖራል» ትላለች።

አባቷ የኔታ ውብሸት በየዳ የቅኔ መምህር ነበሩ። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም ነበር አሉ፤ «በል ያችን ስህተትህን ድገማት» ነው የሚሉት። ስህተቱን እንደነበረች መድገም ያልቻለ ተማሪ ትክክለኛውን ከእሳቸው አይሰማም። ልጃቸውም ይህንኑ ይዛ መጣች። አንድ ኮምፒውተር እምቢ ብሎኝ ስነካካው ቆይቶ ሲነሳልኝ፣ «እትዬ፣ ተሠራ» እላታለሁ።

«ምን ሆኖ ነበር?»

«እንጃ፣ ብቻ ሠራ።»

«እንግዲያውስ አልሠራኸውም። ታርቆህ ነው፤ ነገ መልሶ ይጣላሃል። ደግመህ ማበላሸት ያልቻልኸውን ነገር አላወቅኸውም።»

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ስለ ኔትወርክ የምታስረዳው በሠርግ ነበር። «ዳስ አይተህ የለ? ዳሱ አንድ ነው። ቄሶቹ ግን ለብቻ፣ አማቾቹ ለብቻ፣ ጎረምሶቹ ለብቻ ይቀመጣሉ፤ የአንዱ ማዕድ ለሌላው አይደርስም። ዳሱን በዓይንህ ታየዋለህ። ማን ከማን ጋር ይቆርሳል የሚለውን ግን ጠይቀህ ነው የምታውቀው። ይኸም እንደዚያ ሁለት ካርታ አለው። ገመዱን ብቻ ያየ ሰው ሠርጉን አላየም።»

ፈንታሁን የክፍላችን ኃላፊ ነበር። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልልም። ክፉ ፊት የለውም። ሰው ሲያገኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይጨብጣል፤ ለቅሶ አይቀርበትም፣ ክርስትና አይቀርበትም። ዲግሪ አለው፤ ሥራውንም አያውቅም ማለት አይቻልም። ነገር ግን በእሱ ጊዜ አንድ ነገር ተበላሸ እንዳይባል ከሞት አብልጦ ይፈራ ነበር። ገመዶች ስለሚገናኙባቸው ሳጥኖች፣ ስለ ስዊቾቹ፣ የሺሐረግ ደጋግማ ጠይቃዋለች።

«የአዳራሹ ስዊች ርካሽ ነው፤ ገመድ ተሳስቶ ዞሮ ራሱ ላይ ቢገባ ራሱን አያድንም። ዋናው ስዊች ላይ መከላከያ አለ፤ እሱም ተዘግቷል። ልክፈተው። ግማሽ ቀን ኔትወርኩን ላቋርጠው፣ አበቃ።»

«በእኔ ጊዜ ኔትወርክ አይቋረጥም» ነበር መልሱ።

አንድ ቀን በስብሰባ መሐል እንደገና ስታነሳበት ፊቱ ቀላ። «አንቺ ሴትዮ፣ እንዲወድቅ ትመኛለሽ ልበል?» አላት። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ይወድቃል» አለች፣ «የዚያን ዕለት ምን እንደሚሉ አያለሁ።» ይህችን ቃል ነው በኋላ ዛቻ ያደረጋት።

ብዙም ሳይቆይ ከክልል እንግዶች መጡ። አዲስ የተጀመረ አሠራር በአዳራሹ ሊቀርብላቸው ነው። ፈንታሁን ከረባት አስሮ ከእንግዶቹ ፊት ቆመ፣ ማሳየት ጀመረ፣ ስክሪኑ ቀጥ አለ። አዳራሹ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ ክፍልም መዝገብ ቤትም ባንድ ጊዜ ቆመ። ወደ ዕቃ ክፍላችን ስሮጥ የሺሐረግ ቀድማኝ ደርሳለች። የስዊቾቹ መብራቶች ሁሉ ያለ ዕረፍት ባንድ ላይ ይርገበገባሉ፤ እንደዚያ አይቼ አላውቅም።

«ዙር ነው» አለች። «የሆነ ቦታ ገመድ ዞሮ ራሱ ላይ ገብቷል። አዳራሹን ልየው።»

ስትወጣ ፈንታሁን በሩ ላይ ጠበቃት። እንግዶቹ ከኋላው ቆመዋል።

«ወዴት ነው? አዳራሽ አትገቢም» አለ። «ይህን ያደረግሽው አንቺ ነሽ። በስብሰባ ላይ ዝተሽብኛል፤ ምስክር አለኝ።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ «አሻጥር ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ፈንታሁን አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። በዚያ የጭንቀት ወቅት ያች ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣች መልሶ የሚያስገባት አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ፖሊሶች የሺሐረግን ወደ ጣቢያ ወሰዷት።

እንግዶቹ ሄዱ። ጽዳቶች አዳራሹን ጠርገው፣ ጠረጴዛውንም ገመዱንም ሰብስበው አነሱ። ኔትወርኩ ከዚያ በኋላ በራሱ ተመለሰ። ፈንታሁን በየቢሮው እየዞረ የሚያወራው ይህን ነበር። «አያችሁ? እሷ ስትወጣ ኔትወርኩ መጣ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?»

የኔታ ውብሸት በዚያን ሰሞን ታመው ተኝተው ነበር። የልጃቸውን መታሰር ማን እንደነገራቸው አይታወቅም። በየዳ ሩቅ ነው፤ ክፉ ወሬ ግን አውቶቡስ አይጠብቅም። አረፉ። ዘመዶቿ ጣቢያ ድረስ መጥተው፣ «የአባቷን ቀብር ደርሳ ትመለስ፣ ዋስ እንሆናለን» ብለው ለመኑ። መርማሪው፣ «ከሳሹ መሥሪያ ቤት አልቃወምም ካለ እኛ አንከለክልም» አላቸው። ይህን ይዤ ፈንታሁን ቢሮ የገባሁት እኔ ነኝ።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ የኔታ አርፈዋል» አልሁት። «አንዲት ቃል ብቻ ይበሉ። አልቃወምም ይበሉ።» ያኔ ገና አንቱ እለው ነበር።

ስልኩን አየ። መስኮቱን አየ። «እኔ ምን አገባኝ ዳኘው? ሕግ ሥራውን ይሥራ» አለኝ።

አንቱነቱ ከዚያ ቢሮ ሳልወጣ ከአፌ ጠፋ።

የኔታን ልጃቸው በሌለችበት ቀበሯቸው። እሷ «ማስረጃ አልተገኘም» ተብላ ስትለቀቅ ሣልስቱም አልፏል። መሥሪያ ቤቱም መልሶ አልተቀበላትም፤ በዲሲፕሊን አሰናበታት። በየዳ ደርሳ ስትመለስ ልጠይቃት ሄድሁ። አላለቀሰችም። ጥቁር ለብሳ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«አባቴን አፈር አላለበስሁም፣ ዳኙ» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ምን እንደተደረገ ግን አውቄዋለሁ። መድገም ብቻ ነው የቀረኝ» አለች።

ዳባት ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። አልጋዋን ወደ ጓዳ ገፍታ የፊቱን ክፍል ባዶ አደረገችው። አንድ ብረት በያጅ የተጣለ የሱቅ መደርደሪያ ቆራርጦ የዕቃ ማቆሚያ ሠራላት። ዕቃውን የምትለቅመው ከጎንደር ጥገና ቤቶች ነበር፤ ማንም የማይፈልገው ስዊች፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ራውተር፣ ባለቤቱ የሰለቸው ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ ላይ ሜሞሪ ጨመረችበትና በሆዱ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን ፈጠረች። በዓይን አይታዩም፣ ግን ይሠራሉ። አንዱ የመሥሪያ ቤታችን ዋና ሰርቨር፣ አንዱ ሒሳብ ክፍል፣ አንዱ መዝገብ ቤት። ከዚያ ያን በሆድ ያለውን በአንዲት ገመድ አውጥታ ከመደርደሪያው ስዊቾች ጋር አገናኘችው። ግድግዳው ላይ ሁለት ትልልቅ ካርቶን ሰቅላለች፤ በአንዱ ገመዱ የት የት እንደሚሄድ፣ በሌላው ማን ከማን እንደሚነጋገር በከሰል ተስሏል።

መጀመሪያ ያየሁት ቀን ደነገጥሁ። በየቀኑ የምገባበት ሕንጻ ዳባት ላይ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሏል።

«እትዬ፣ ሁሉንም ለምን በኮምፒውተሩ ውስጥ አታደርጊውም? ይህ ሁሉ ብረት ለምን አስፈለገ?»

«ውስጥ የምፈጥረው ስዊች ጨዋ ነው፤ ያላዘዝሁትን ጥፋት አያጠፋም። የአዳራሹ ስዊች ግን ደደብ ነበር። ስለ ደደብ የሚመሰክረው ደደብ ነው፤ ያውም እሱን የመሰለ።»

ያንኑ ዓይነት ስዊች ፍለጋ ጎንደር ስንት ጊዜ እንደወረደች እንጃ። በመጨረሻ አንድ ሱቁን የዘጋ ነጋዴ ቤት አቧራ ለብሶ አገኘችው። ጎረቤቶቿ በበሩ እያዩ ይስቃሉ። «እቴ፣ ኢንተርኔት እንደሆን ከጠፋ ሰነበተ። ይህ ሁሉ ገመድ ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ይሏታል።

«ከጎረቤት ጋር ለማውራት ኢንተርኔት ያስፈልጋል እንዴ?» ትላቸዋለች።

ነገሩ ግን እንዳሰበችው አልሆነም። ገመዷን አዙራ ስትሰካት ኔትወርኩ ይንገዳገዳል እንጂ አይወድቅም። ነቅላ ትሰካለች፣ ገመድ ትለውጣለች፣ ሥፍራ ትለውጣለች፤ እምቢ። መብራት የመጣ ቀን ሁሉ ይኸው ነበር ሥራዋ። ስለ ስንብቷ ያቀረበችው ይግባኝ የሚሰማበት ጊዜ ተቃረበ። ከሳች። እኔም በልቤ፣ ምናልባት ሌላ ምክንያት ነበረው ይሆን ማለት ጀምሬ ነበር፤ አልነገርኋትም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ከአባቷ ሞት ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

«ዳኙ፣ መከላከያው ክፍት ነው!» አለችኝ። «ይኸ ዋናው ስዊች ከፋብሪካ ሲወጣ መከላከያው ተከፍቶ ነው የሚመጣው። የእኛው ተዘግቶ እንደነበር ረሳሁት። ስንት ዓመት ክፈቱልኝ ብዬ የለመንሁትን ነገር እኔው ረሳሁት።» ተነስታ ዘጋችውና ገመዷን ሰካች። መብራቶቹ ልክ እንደዚያ ቀን ባንድ ላይ ተርገበገቡ። ስክሪኖቹ ቆሙ። ነቀለችው፤ ተመለሱ። ሰካችው፤ ሞቱ። እንደዚያ እያደረገች ቆየች። ፊቷን እያየሁ ነበር። ደስታ አልነበረም። እግዚአብሔር ያየው፣ ቢላ የምትስል ነበር የምትመስለው።

ይግባኙ ደባርቅ ተሰማ። ዕቃውን በጋቢዋ ጠቅልላ፣ ስዊቿን በጭኗ ይዛ በሚኒባስ መጣች። ሰሚዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢው ሽበት የወረሳቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ሁሉን ዘረጋችላቸውና በዳሱና በማዕዱ አስረዳቻቸው። ሦስት ላፕቶፖች ላይ መልስ የሚቆጥሩ መስመሮች ይወርዳሉ፤ አንዱ ሌላውን «አለህ?» ይለዋል፣ «አለሁ» ይለዋል። ከዚያ ወደ ፈንታሁን ዞረች።

«አቶ ፈንታሁን፣ ያን ዕለት አዳራሹን ያዘጋጀው ማን ነበር?»

«እኔው ራሴ» አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እንግዳ ሲመጣ ለሌላ አልተውም።»

«ቢጫ ክር ያለባት ገመድ ትዝ ትልዎታለች?»

«አዎ፤ ጫፏ መሬት ላይ ወድቆ ነበር። ለእንግዳ ነውር ነው ብዬ ሰካኋት።»

«የት?»

«እዚያው ስዊቹ ላይ፤ ባዶ ቀዳዳ ነበረ።»

«ሌላው ጫፏስ የት ነበር?»

ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመረ። ሰብሳቢው፣ «ይመልሱ እንጂ» አሉት።

«እሱም... እዚያው መሰለኝ» አለ።

የሺሐረግ ገመድ አነሳች። አንደኛው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ካለችው ስዊች ገብቷል፤ ሌላውን ጫፍ አቀበለችው። «እንግዲያው ያን ዕለት ያደረጉትን ያድርጉልን።»

ሰው ሁሉ ሲያየው ምን ያድርግ? ሰካው። መብራቶቹ አበዱ። «አለህ?» የሚለው መልስ አጣ፤ ሦስቱም ስክሪን ቀጥ አለ። ክፍሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እነዚያ መብራቶች ብቻ ነበሩ።

«አንድ መልእክት ተነስቶ ማረፊያ አጣ፤ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥር ይባዛል፣ መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል» አለች። «ንቀለው።» አንተ አለችው፤ ማንም አላረማትም። ነቀለው። ስክሪኖቹ ተመለሱ።

ሰብሳቢው ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ «እስቲ ይድገሙት» አሉት። ፈንታሁን እጁን ኪሱ ከተተ። እሷ መከላከያውን ከፈተችና ራሷ ሰካችው። ምንም አልሆነም፤ ጥያቄውም መልሱም መውረዱን ቀጠለ። «ግማሽ ቀን ስጡኝ ብዬ የለመንሁት ለዚህ ነበር» አለች።

እኔ የፈንታሁንን ፊት ነበር የማየው። አዲስ ነገር ያወቀ ሰው ፊት አልነበረም። ሲያውቅ ቆይቶ የተያዘ ሰው ፊት ነበር። አዳራሹ ከተጠረገ በኋላ ኔትወርኩ ሲመለስ ገብቶታል ማለት ነው። ገብቶት ነው «ሕግ ሥራውን ይሥራ» ያለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ተፈረደላት። ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ፈንታሁን ከኃላፊነቱ ወርዶ ከእኛው ጋር ተራ ወንበር ተሰጠው። በቃ አለቀ ብዬ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛዋን ከጠረጴዛው ፊት ለፊት አስደረገች። ጠዋት ጠዋት ስትገባ ጎንበስ ብላ በትሕትና ትጠይቀዋለች፣ «እንደምን አደሩ አቶ ፈንታሁን? አባትዎ ደህና ናቸው?»

የፈንታሁን አባት በሕይወት አሉ፤ እዚያው ደባርቅ ነው የሚኖሩት። «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ግድ ነው። ሌላ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም፣ «አባትዎ ደህና ናቸው?» እንደዚያ ያለ ሰላምታ ሰው ሲያከሳ አይቻለሁ። በመጨረሻ ዝውውር ጠይቆ ሌላ መሥሪያ ቤት ገባ።

ዳባት ያለውን ክፍል አላፈረሰችውም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማሪያ አደረገችው። ተመርቀው ሥራ ያጡ ወጣቶች፣ የኮምፒውተር መምህራን፣ ከወቅን ከተማ የሚመጣ አንድ ጥገና ሠሪ፣ ያች ጠባብ ክፍል ትሞላለች። የመጀመሪያው ትምህርት ሁልጊዜ ያው ነው። ገመዷን ታዞራለች፣ ሁሉ ይወድቃል፣ እሷም ሳትስቅ፣ «ይኸ ስህተት ፈንታሁን ይባላል» ትላለች። ተማሪዎቹ የሙያ ቃል መሰላቸው። ደባርቅም ጎንደርም ሲቀጠሩ ይዘውት ሄዱ። ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ «ፈንታሁን ገብቶበታል»፣ «ፈንታሁኑን ንቀለው» ሲባል መስማት ተለመደ። አንድ ቀን ራሱ በተዛወረበት ቢሮ ኔትወርክ ተበላሸና ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ባለሙያ መጣ። ፈታትሾ ሲያበቃ፣ «ችግሩ ፈንታሁን ነበር ጌታዬ፣ አወጣሁት» አለው አሉ።

ሽማግሌ የላከው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ እዚያው ነበርሁ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ፊት ፊታቸው አንድ ቄስ፣ ከኋላ ፈንታሁን ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ግቢዋ ገቡ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የቆመን ሰው መመለስ ከባድ ነው።

«ልጄ የሺሐረግ» አሉ ቄሱ፣ «እግዚአብሔር ይቅር የሚለው ይቅር ያለውን ነው። ድንጋዩን አውርጅለት።»

መስቀላቸውን ተሳለመች። «አባ፣ አንቱ አባቴን ያውቋቸው ነበር?»

«እንዴታ! ከእግራቸው ሥር ተምሬያለሁ።»

«እንግዲያው የተበደሉት እሳቸው ናቸው። የእሳቸውን ይቅርታ ለእኔ ማን ሰጠኝና እሰጣለሁ? መቃብራቸው በየዳ ነው። ይሂድ። ቅዳሴ ሲወጣ በሕዝቡ ፊት ያደረገውን በአፉ ይናገር፤ ድንጋዩንም እዚያ ያውርደው። ያኔ እኔም አለሁ።»

ፈንታሁን ከድንጋዩ ሥር ቀና አለ። «የሺሐረግ፣ ልጆቼ በትምህርት ቤት በስሜ ይሰደባሉ። ስሜን መልሽልኝ።»

ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ይቅር ልትል ነው ብዬ ነበር። «ለልጆችህ አዝናለሁ» አለችው። «መንገዱን ነግሬሃለሁ። በበየዳ በኩል ነው።»

«በሕዝብ ፊትማ... እዚያማ እንዴት ብዬ...» አለ። ድንጋዩን ራሱ አውርዶ ከአጥሩ ሥር አስቀመጠና ወጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሬቱን በከዘራው እየመታ፣ «ልብሽ ደንድኗል፣ አንች ልጅ» አላት። «እሱስ ደንድኗል» አለችው።

ዋጋ አስከፍሏታል። የንስሐ አባቷ ተቀየሟት። የማኅበር ሴቶች ተራዋን ዘለሏት። አንድ ቀን ገመድ ስንጠቀልል፣ «እትዬ፣ አይከብድሽም?» አልኋት። «ይከብዳል እንጂ» አለችኝ። «የበየዳ ብርድም ይከብዳል። ጋቢ ትደርባለህ እንጂ ብርድ የለም አትልም።»

ሕመሙ የጉበት ነው ተባለ። ጎንደር ተመላልሳ ታከመች፤ አልተሻላትም። አልጋዋን ወደ ፊተኛው ክፍል፣ ወደ መደርደሪያው አጠገብ አስመለሰችው። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት ድምጿ አልቆ ነበር። ዕቃውን ለቅዳሜ ተማሪዎቿ እንድሰጥ፣ ሁለቱንም ካርቶን ከግድግዳው እንዳላወርድ ነገረችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘች።

«ዳኙ፣ እሱ ቀብሬ ላይ ይመጣል። ለቅሶ አይቀርበትም። አስቀምጡት፣ አብሉት። አፈር ግን እንዳያለብሰኝ።»

«እሺ» አልኋት።

«ማልልኝ።»

ማልሁላት።

እንዳለችውም መጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ከፊት ሆኖ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። አንዳንድ ሴቶች፣ «ምስኪን፣ ጸጸት ነው» ሲሉ ሰማሁ። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከበየዳም ሰው መጥቷል፤ የቅዳሜ ተማሪዎቿ ሬሳውን እየተቀባበሉ ተሸከሙ። ፍትሐቱ አልቆ ሣጥኑ ሲወርድ ወንዶቹ አካፋ እየተቀባበሉ አፈር መመለስ ጀመሩ። ከእኔ ማዶ አካፋው ፈንታሁን እጅ ደረሰ። ከአፈሩ ዘገነበት። መቃብሩን ዞሬ ሄድሁና የአካፋውን እጀታ ከእጁ በላይ ያዝሁት።

«ተወው» አልሁት።

«ዳኘው፣ ሬሳ ፊት?» አለኝ በሹክሹክታ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እውነተኛ እንባ ነበር፣ አልክደውም። «በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ። አንዲት አካፋ ብቻ።»

«አንዲትም።»

ሁሉ ሰው አየን። እሱም ጎተተ፣ እኔም ጎተትሁ፤ አፈሩ መሐላችን ፈሰሰ። ከዚያ ጣቶቹ ላሉ። አካፋውን አጠገቤ ላለ ለአንድ ተማሪዋ ሰጠሁት፤ ፈንታሁን ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ በሕዝቡ መሐል ወደ ኋላ ሄደ። ማንም አልተከተለውም።

ሰው ሲበተን፣ በድንጋዩ ጊዜ የመጡት ቄስ በቤተ ክርስቲያኑ በር አስቁመው ያዙኝ። ተቆጥተዋል።

«ልጄ፣ ነገ በፈጣሪ ፊት ስትቆም፣ ለምን ከለከልኸው ቢልህ ምን ልትመልስ ነው?»

«አባ ይፍቱኝ» አልኋቸው። «እትዬ የሺ ቀድማኝ ቆማለች። እሷ ያለችውን እላለሁ።»